የጥቅምት ውርጭ አልነበረም

ይድረስ ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ለዓመታት አንብቤአለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ የምንገናኝበት ትንሽ የሙዚቃ ክበብ አለን። አሥራ አንድ ነን፤ መምህር፣ ነርስ፣ የመኪና መካኒክ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉበት። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንድ ጊታር አለን። ከመካከላችን በሙዚቃ እንጀራውን የሚበላ የለም። አንድ ምሽት ትዝታን፣ ሌላ ምሽት ባቲን ወይም አምባሰልን ይዘን እስኪደክመን እንመላለስበታለን፤ አንቺሆዬ ላይ ገና ነን። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ምሽት ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቅዳሜና እሑድን ወንጪ ሐይቅ ዳር በድንኳን ለማሳለፍ ተስማማን። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ ስሟን ስንሰማ ስለኖርን ሁላችንም ጓጉተን ነበር። ሚኒባስ ተከራይተን በወሊሶ በኩል ወጣን። ከወሊሶ ወደ አምቦ የሚወስደውን ዳገት ይዘን፣ በእንሰቱ መካከል አልፈን አፋፉ ላይ ስንደርስ፣ እሳተ ገሞራ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ሐይቁ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ዕቃችንን በፈረስ አስጭነን ወረድን።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ነርሷ እህታችን በዕድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች። የደጋን አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የምትጫወትበት ማሲንቆ ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት አባቷ የተዉላት ነው። አባቷ የገጠር መምህር ነበሩ። «አስተማሪ ሆኖ አዝማሪ» እንዳይባሉ በር ዘግተው፣ ድምፁን አሳንሰው ነበር የሚጫወቱት። ቆዳውን የወጠሩት በገዛ እጃቸው እንደሆነ ነግራናለች። እውነትም በሳጥኑ አንድ ጥግ ላይ ሳይፋቅ የቀረ የፍየል ጠጉር አለ። ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ሲያነሱትና ሲያስቀምጡት መዳፋቸው የሚያርፍበት ቦታ በዓመታት ብዛት ጠቁሯል። ልትጫወት ስትል መጀመሪያ እጇን እዚያ ላይ ታሳርፋለች። ሁሌም።

ቅዳሜ ማታ እሳት አንድደን ተጫወትን። ወንጪ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ጋቢያችን በጤዛ ይረጥብ ጀመር። የማሲንቆው ድምፅ እየወረደ፣ እየታፈነ መጣ። እህታችን ቆዳውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ደክሟታል፤ ነገ ፀሐይ ሲወጣ ትነቃለች» አለችና በነጠላዋ ጠቅልላ ድንኳኗ ደጃፍ ከሸራው ሥር አስቀመጠችው። ሦስት ሆነው ስለተኙ ውስጥ ቦታ አልነበረም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። እሳቱ ፍም ሆኖ አድሯል። እንጨት ጨመርኩበት። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ ስትነሳ ማሲንቆዋ ድምፁ ተመልሶ ቢጠብቃትስ? ከነጠላው አውጥቼ ከፍሙ አጠገብ ድንጋይ አስደግፌ አቆምኩት። ጥቂት ጠበቅኩ። ከዚያ ደሴቲቱ ላይ ካለው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ፤ ተከትሎም የቅዳሴው ዜማ ውሃውን ተሻግሮ መጣ። እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እየሰማሁ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ይነሳ ነበር። አሥር ደቂቃ ይሁን ሃያ፣ አላውቅም። ከኋላዬ ደረቅ እንጨት የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

ስደርስ የጨመርኩት እንጨት ነበልባል ሆኗል። ቆዳው ከጥጉ እስከ መሃሉ አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ የመዳፋቸውን ምልክት ለሁለት ከፍሎታል። ነጠላዋን አንስቼ እንደነበረው ጠቀለልኩት፣ ቦታው መለስኩትና ድንኳኔ ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት እሷ ናት የፈታችው። አልጮኸችም። ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ውጭ ማሳደር አልነበረብኝም» አለች። ጡረተኛው አባታችን ሊያጽናኗት ብለው «የጥቅምት ውርጭ ነው ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሏት። ሁሉም ወደ እኔም ወደ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። እኔም «አዎ፣ ውርጩ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ሆነ። አንድ ሐሙስ መጥታ ሳትጫወት ተመለሰች። ማሲንቆውን ቁም ሣጥን ላይ እንደሰቀለችው ሰምተናል። ክበቡ አዲስ ሊገዛላት ገንዘብ ሲያዋጣ እኔ 4,000 ብር ሰጠሁ፤ ከሁሉም ይበልጣል። ደግነቴን አወሩልኝ። እሷም ሰምታ ደውላ አመሰገነችኝ፤ እያለቀሰች ነበር። ከገና በፊት ባለው ሐሙስ ማሲንቆው ሲሰጣት እኔ እንዳስረክባት ተወስኗል።

ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ ነገርኩት። «ያለፈ አልፏል፤ ማወቋ ምን ይጠቅማታል? ቁስሏን ትቀሰቅሳለህ እንጂ» አለኝ። እውነቱን ነው እላለሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ የለኝም። እትዬ፣ ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

መልስ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለአንተ አዘንኩ፤ ሁለተኛ ሳነበው ለእሷ።

በደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ በላይ የከበደኝ ስንጥቁ አይደለም። «ውጭ ማሳደር አልነበረብኝም» ያለችው ነው። ይህች ሴት አባቷን ቀብራለች። አሁን ደግሞ ከአባቷ የቀራትን ዕቃ በገዛ ቸልተኝነቷ ያጠፋች መስሏታል። አምስት ሳምንት ሙሉ «ምናለ ውስጥ ባስገባሁት፣ ምናለ ታቅፌው ባደርኩ» እያለች ነው። ማሲንቆውን ቁም ሣጥን ላይ የሰቀለችው ስለተሰነጠቀ ብቻ አይመስለኝም፤ ባየችው ቁጥር ጥፋቷን ስለሚያሳያት ነው። ያ ጥፋት ግን የእሷ አይደለም። አንተ ልትሸከመው የሚገባህን እሷ ተሸክማልህ ትዞራለች።

ጓደኛህ «ማወቋ ምን ይጠቅማታል» አለህ። መልሱ ይኸው፤ ራሷን መውቀስ ታቆማለች። ከዚህ በላይ ምን ጥቅም አለ? ቁስሏ እንዳይቀሰቀስ የተጨነቀው ጓደኛህ ቁስሉ ገና እንዳልዳነ አላወቀም። ትቆጣህ ይሆናል። በአንተ መቆጣት ራስን ከመጥላት በብዙ ይቀላል።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርህ። ያደግኩት በደብር አጠገብ ነው፤ አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ክረምት ላይ የከበሮው ድምፅ ሲወርድ እኛ ልጆቹ ፀሐይ ላይ አውጥተን እናዞረው ነበርና የቆዳን ጠባይ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ቆዳ ጤዛ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ይላላል፤ ድምፁ ይወፍራል። ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቀስ ብሎ ከደረቀ ድምፁ እንደነበረው ይመለሳል። እርጥብ እንዳለ ነበልባል ካገኘው ግን በአንድ ጊዜ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ጠርዙ ሳጥኑ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተያዘ ስለሆነ የሚሰበሰብበት ስፍራ ያጣል፤ በደከመው በኩል ይሰነጠቃል። ያ የሰማኸው ድምፅ እሱ ነው። ሌሊቱን ጤዛ የጠጣ ቆዳ ልል ሆኖ ያድራል እንጂ በነጠላ ተጠቅልሎ በገዛ ራሱ አይሰነጠቅም። ጡረተኛው አባታችሁ ውርጭ ያሉት ለማጽናናት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ይህ ማለት ያቺ ማሲንቆ አንድ ቀን ሠሪ ዘንድ ስትሄድ፣ ሠሪው የቆዳውን መድረቅ ዳብሶ «እሳት አግኝቶታል» ይላታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ያን ቀን ነጠላዋ ያን ጠዋት ጢስ ጢስ ይሸት እንደነበር ታስታውስ ይሆናል። ሁላችሁም ጢስ ትሸቱ ስለነበር ያኔ ልብ አላለችው ይሆናል። ይህን የነገርኩህ ላስፈራራህ አይደለም። ከሠሪ አፍ ከምትሰማው ከአንተ ብትሰማው፣ ከማሲንቆዋ በተጨማሪ ሰው ላይ ያላትን እምነት አታጣም ብዬ ነው።

እንግዲህ ትነግራታለህ። አነጋገሩ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው።

በስልክ አይሆንም፤ በጽሑፍም አይሆንም። ቤቷ ወይም እሷ በመረጠችው ቦታ ፊት ለፊት ሁን። ብቻህን ሂድ። በባህላችን ትልቅ ጥፋት ሲኖር ሽማግሌ መላክ ይቀናናል፤ እኔም በብዙ ጉዳይ ላይ ሽማግሌ ላክ ብዬ በዚሁ ዓምድ መክሬአለሁ። እዚህ ላይ ግን አልመክርህም። ሽማግሌ ፊት የቀረበች ሴት «ይቅር በዪው» ሲሏት እምቢ ማለት አትችልም። ልቧ ሳይፈታ አፏ ይቅር ይላል። እሷ ለመቆጣትም፣ ለማልቀስም፣ አስወጥታ በሩን ለመዝጋትም ነጻነት ያስፈልጋታል።

ባዶ እጅህን ሂድ። አዲስ ማሲንቆ ይዘህ እንዳትሄድ፤ ስጦታ የያዘን ሰው መቆጣት ከባድ ነውና አፏን ትዘጋባታለህ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ አጭር ይሁን፤ «ማሲንቆውን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ እሳት አጠገብ አስቀምጬው ሄድኩ፤ ውርጭ አልነበረም፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።» ይኸው ነው። «ላስደስትሽ ብዬ ነው» የሚለውን መጀመሪያ ላይ አታምጣው። እውነት መሆኑን አምንሃለሁ፤ ያን ጎሕ ሳይቀድ ሌሊት ስታስብ የነበረው እሷን ነው። ነገር ግን በመጀመሪያ ከመጣ ምክንያት ይመስላል። ለምን እንዳደረግከው ከጠየቀችህ ያን ጊዜ ንገራት፤ የቂርቆስን ደወልና የቅዳሴውን ዜማ ሳይቀር ንገራት። ለምን ዝም እንዳልክ ከጠየቀችህም «ፈራሁ» በላት። ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

«ሌላ ቆዳ ይወጠርበታል» ብለህ ልታጽናናት አትሞክር። አዎ፣ ይወጠርበታል። የማሲንቆ ቆዳ ይለወጣል፤ ጭራውም ይለወጣል፤ ብዙ አዝማሪ በዕድሜው ደጋግሞ ያስለውጣል። አባቷ ራሳቸው ቆዳ ወጥረውበታል ካለች፣ ምናልባት ከዚያ በፊት ሌላ ቆዳ የነበረበት አሮጌ ማሲንቆ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑና አንገቱ፣ መቃኛውና ደጋኑ ዛሬም የአባቷ ናቸው። ይህን ሁሉ እሷ ከእኔና ከአንተ በላይ ታውቀዋለች። ያ የጠቆረው የመዳፍ ምልክት ግን አይተካም፤ እጇን ሁልጊዜ እዚያ ላይ ታሳርፍ እንደነበር ራስህ ጽፈህልኛል። ስለዚህ ቆዳው ይለወጥ ወይስ እንደተሰነጠቀ ይቀመጥ የምትወስነው እሷ ብቻ ናት፤ ጊዜዋንም ትውሰድ። ከተለወጠ አሮጌውን ቆዳ ሠሪው እንዳይጥለው አደራ በል። ፈቃዷ ከሆነ ያቺን ጠጉር የቀረባትን ጥግና የመዳፉን ቦታ ቆርጦ ያስቀርላታል።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ጉዳቱን መካስ አለበት ይላል። ያደረሰው ይካሳል ነው የሚለው፤ ጓደኞቹ አላለም። ዘጠኝ ሰው ሳያውቅ ዕዳህን ከፍሎልሃል፤ ከእነሱ መካከል ጡረታቸውን ቆጥረው የሚኖሩ አባት አሉበት። ከእሷ ቀጥሎ እውነቱን ማወቅ የሚገባቸው እነሱ ናቸው። ለክበቡ ከመናገርህ በፊት ግን እሷን አስፈቅድ። «ሰው ፊት መነጋገሪያ መሆን አልፈልግም» ካለች፣ ያዋጡትን ገንዘብ ከራስህ አውጥተህ ለእያንዳንዳቸው መልስና «የማሲንቆው ወጪ የእኔ ነው፤ ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች» ማለት ይበቃል። ያወሩልህን ደግነትም በዚያው ትመልሳለህ። ከሁሉ በላይ ያንን ሥነ ሥርዓት አስቀር። በገና ሰሞን ሁሉ እያጨበጨበ አንተ አዲስ ማሲንቆ ስታስረክባት፣ እሷም ቆማ ስታመሰግንህ አታሳየን። ያ ከተፈጸመ በኋላ ብትነግራት ከስንጥቁ የበለጠ የሚጎዳት ያ ይሆናል።

ይቅር ትልሃለች? አላውቅም፤ ቃል ልገባልህ አልችልም። በዚያው ቀን ትል ይሆናል፤ ዓመት ሊወስድባትም ይችላል። ነግረሃት ከወጣህ በኋላ በየቀኑ እየደወልክ «አሁንስ?» አትበላት። ክበቡን ትተህም እንዳትጠፋ። አንተ ከጠፋህ ሰው ያባረረች ያህል ይሰማታል፤ እንደገና ጥፋቱ ወደ እሷ ይዞራል። ሐሙስ ሐሙስ ሂድ፤ አንቺሆዬን ተለማመድ። ስትመጣ ቦታዋን ታገኝ።

ደግማችሁ ድንኳን ይዛችሁ ስትወጡ ይህን ለክበቡ ንገርልኝ፤ መውጣታችሁን በጣም ወድጄዋለሁና እንዳታቆሙት። ሦስት ሰው በሚይዝ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰው ይተኛ፤ ሦስተኛው ቦታ የመሣሪያዎቹ ነው። ማሲንቆና ክራር ከውጭ ብርድ ወደ ሙቀት ሲገቡ ወዲያው አትቃኟቸው፤ በጋቢ እንደተጠቀለሉ ትንሽ ይረፉ። ጊታሩንም ከእሳት አርቁት፤ ሙጫውን ሙቀት ይፈታዋል። ቆዳው የላላ ከበሮ ወይም ማሲንቆ በፀሐይ ቢሆን ይመረጣል። እሳት የግድ ከሆነ አንድ ሰው በእጁ ይዞ፣ ከነበልባሉ ራቅ ብሎ እያዞረ፣ ቆዳውን በሌላ እጁ እየዳበሰ ያሙቀው። እጅህን የሚያቃጥለው ሙቀት ቆዳውንም ያቃጥለዋል። አያቴ ከእሳት ዳር ያለ ከበሮ መሬት ላይ ከተቀመጠ ይቆጡን ነበር።

ከገና በፊት ያለው ሐሙስ ሩቅ አይደለም። ነርስ ናትና ከሌሊት ተረኛነት በወጣችበት ጠዋት እንዳትሄድባት፤ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ይህን ሊሰማ አይገባውም። መጀመሪያ ደውልና «የምነግርሽ ነገር አለ፤ ስለ ማሲንቆው ነው፤ መቼ ይመችሻል?» ብለህ ጠይቃት። ይህ ቅዳሜ ከተመቻት ሌላ ቅዳሜ አትጠብቅ።